ቢልሃርዚያ የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው

ወንድሜ፣ «ሐይቅ ከተማ ዙሪያ ቢልሃርዚያ የሚይዛቸው ውሃውን ሳያፈሉ ስለሚጠጡት ነው» ላልከው እርማት ያስፈልገዋል። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያምን ብዙ ነው፤ የሚጠጣውን አፍልቶ ልጁን ያለ ስጋት ሐይቁ ውስጥ እንዲዋኝ የሚለቅም አለ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ማፍላቱን አትተው፤ ለታይፎይድና ለአሜባ ይበጃል። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል እጭ (ገና ያላደገው ትል) ግን ቆዳን ሰርስሮ ነው የሚገባው። በዓይን አይታይም። ውሃው ዳር ሣሩ ላይ ከሚለጠፍ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይወጣና፣ ልብስ ልታጥብ ወይም ከብት ሊያጠጣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የገባን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል። ቀንድ አውጣው የሚበከለው ደግሞ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ሜዳ ላይ የተጸዳዱት ሰገራ በጎርፍ ታጥቦ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው።

ጉዳቱም የሆድ ቁርጠት ብቻ አይደለም። ትሎቹ አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ለዓመታት ይኖራሉ። እንቁላላቸው በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል፤ ጉበት ይጠባሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲብስ ደም ያስታውካል። ልጆችን ደም ማነስና መቀጨጭ ያገኛቸዋል፤ ትምህርትም አይገባቸውም።

የበሽታው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የጎለመሱትን ትሎች ይገድላል፤ ለጋዎቹን ብዙም አይነካቸውም፣ ዳግም ከመያዝም አያድንም። ትምህርት ቤት ኪኒኑን የዋጠ ልጅ በማግስቱ ሐይቅ ከገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። የገላ መታጠቢያ ውሃ ከሐይቁ የምትቀዱ ከሆነ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት አጣርታችሁ ጀሪካን ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩት፤ እጩ ከዚያ በላይ አይቆይም።