ለጎዳና አሠልጣኞቻችን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞረውን ምክር ያላያችሁ የላችሁም። «እህቶቼ፣ ስትሮጡ ተጠንቀቁ» ብሎ ይጀምርና ይዘረዝራል፦ ብቻሽን አትውጪ፣ ሳይነጋ አትውጪ፣ ከመሸ አትውጪ፣ ታይት አትልበሺ። ሲደማመር ለሴት ልጅ የተፈቀደው ሩጫ በእኩለ ቀን፣ ጋቢ ተደርቦ፣ ሳሎን ውስጥ የሚሮጠው ነው። መካሪዎቹን እግዜር ይስጥልን። ምስጋናው ግን አንድ ባለውለታ ዘሏል፤ የጎዳና አሠልጣኙን። እሱ ባይኖር መካሪው ምን ይጽፍ ነበር?

አሠልጣኞቻችን ከለገሃር እስከ ስድስት ኪሎ ጥግ ጥጉን ይዘው ይገኛሉ። ደመወዝ አይጠይቁም፣ ዕረፍት አይወጡም። ሴት ስትሮጥ ዝም ብሎ ማሳለፍ ለሕሊናቸው ይከብዳቸዋል። አንዱ «ማን አባረረሽ?» ይላል። አንዱ «ሥጋሽ አለቀ እኮ!» ብሎ ስለ ክብደቷ ይጨነቃል። ሌላው ዳገት ላይ ልቧ በአፏ ልትወጣ ስትል «ቆንጆ፣ ሰላም አይባልም?» ብሎ ይቀየማል። ታሪክ የሚያውቀው ደግሞ «በርቺ ደራርቱ!» ይላል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ አገር በደስታ አልቅሷል። በመስከረም 2016 ትዕግሥት አሰፋ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስም ይኸው ሰውዬ ያየው ባንዲራውን እንጂ ቁምጣዋን አልነበረም። ስታዲየም ጥግ ላይ ሲቆም ግን ዓይኑ ይቀየራል።

ከሁሉም የማደንቀው አጃቢውን ነው። መስቀል አደባባይ ጠርዝ ላይ ጂንስ ለብሶ፣ ሹል የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ መፋቂያ ነክሶ ይቆማል። ሯጯ ደረጃውን ጨርሳ ወደ ስታዲየም ስትታጠፍ አጠገቧ ይነሳል። ሰውነት ማሟሟቅ ለደካሞች ነው። እሷ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ሒሳብ ነው የያዘችው፤ እሱ ቀድሟት ዞሮ ማየት ስላለበት የመቶ ሜትር አነሳስ ይነሳል። የመጀመሪያዎቹ 50 ሜትሮች ያምራሉ፤ ስሟን፣ ሰፈሯን፣ ስልኳን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል። ችግሩ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ማለቷ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። በ100ኛው ሜትር ዓረፍተ ነገሩ ወደ ሐረግ ይወርዳል፤ «ስልክ… ብቻ…»። ጂንሱ ጉልበቱን ስለሚይዘው እርምጃው ያጥራል፣ የቆዳው ሶል አዲሱ ንጣፍ ላይ ይንሸራተታል፣ ተረከዙ እየቀደመ ስለሚያርፍ ግጭቱ ሁሉ ጉልበቱ ላይ ያልቃል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይንቃጨላል። በ150ኛው ጎኑን ይወጋዋል። መፋቂያዋ የት እንደወደቀች አይታወቅም። በ200ኛው ሜትር ወገቡን ይዞ ይቆምና፣ ክብሩን ላለማጣት፣ ከኋላዋ ይጮኻል፦ «ነገም ትመጫለሽ አይደል?»

እዚህ ላይ ሳቁ ይብቃ። «ነገም ትመጫለሽ አይደል?» ማለት ሰዓትሽን ይዣለሁ፣ መንገድሽን አውቄዋለሁ ማለት ነው። በማግስቱ ሰዓት የምትቀይረው እሷ ናት፣ መንገድ የምትቀይረው እሷ ናት፣ ስድስት ወር የለፋችበትን ልምምድ የምትተወው እሷ ናት። እጅ ይዞ የሚጎትተውም ከዚሁ ሰፈር የወጣ ነው። ያን ጊዜ አላፊ አግዳሚው «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። አያሳፍርም?

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። በአሠልጣኞቻችን ትጋት የአዲስ አበባ ሯጭ የወታደር ያህል ዕቅድ አውጪ ሆናለች። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 ገደማ ባለው መካከል ስለምትወጣ መነሻዋን በእሱ ትቆርጣለች። መኪና መንገድ ዳር ስትሮጥ በግራ በኩል፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት ነው፤ መስኮት አውርዶ ከኋላ ቀስ እያለ የሚከተል ሾፌር በዚያ አቅጣጫ መንዳት አይችልም። በሁለቱም ወገን በቆርቆሮ የታጠረ የግንባታ መተላለፊያ ቢያሳጥርም መውጫ ስለሌለው አትገባበትም። ኤርፎን በአንድ ጆሮ ብቻ። ስልክ በእጅ ከተያዘ በሞተር የሚሄድ ይነጥቀዋል፤ ከሸሚዝ ሥር በወገብ ቀበቶ ይታሰራል። ፊሽካ አንገት ላይ ከተንጠለጠለ ገመዱ መጎተቻ ይሆናል፤ የእጅ አንጓ ላይ ነው የሚታሰረው። የፖሊስ ቁጥር 991 ቀድሞ ስልክ ላይ ይመዘገባል። ቴሌግራም ያለችበትን ቦታ በቀጥታ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት፣ ለ8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ 15 ደቂቃው ገና ስታሟሙቅ ያልቃልና የ1 ሰዓቱን ትመርጣለች፤ የምትልክለትም ሰው በዚያ ሰዓት የነቃ መሆን አለበት፣ ከተኛች እህት ጋር የተጋራ ካርታ ማንንም አያድንም። የሮጠችበትን መንገድ መዝግቦ ለሌሎች የሚያሳየውን ስትራቫ የተባለ መተግበሪያ የምትጠቀም ከሆነ መነሻና መድረሻዋን ትደብቃለች፤ አለበለዚያ የግቢዋን በር ለማያውቀው ሁሉ እያሳየች ነው።

የመንደር ውሻ እንኳ ከዚህ ያነሰ ዝግጅት ነው የሚጠይቀው። ሩጫ ማቆም፣ ጀርባ አለመስጠት፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም።

አሠልጣኞቻችንም ሥልጠና ይገባቸዋል። ልምምድ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው፣ ዝምታም እንዲሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዲት ሯጭ ያለ አስተያየት ማሳለፍ ይበቃል። በሁለተኛው ሁለት። በአራተኛው ታይት የለበሰች ይጨመራል፤ ይሄ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደውን ዳገት ያህል ነውና በዝግታ ነው። በስድስተኛው፣ ጨለማ ሆኖ ከኋላዋ ከተገኙ፣ ወደ ማዶ መሻገር። መኪና ያላቸው መስኮት ዘግተው ይለማመዱ። መንጋጋ አካባቢ ማሳከክ ሊኖር ይችላል፤ አያስደነግጥም፣ ማስቲካ ይዞ መውጣት ነው።