የሚወጋ ሁሉ ኮሸሽላ አይደለም

ባለፈው ገና የገዛሁት በግ ላቱ ላይ ጭጎጎት የመሰለ ነገር ተለጥፎበት መጣ። በጣቴ እየነቀልኩ እዚያው አጥር ሥር ጣልኩት። ክረምት ሲገባ አጥሩ ሥር የማላውቀው እሾሃም ነገር በቀለ። ጎረቤታችን እማማ "ኮሸሽላ ነው ልጄ" አሉኝ። የሰፈሩ ዘበኛ "ዳንደር ነው" አለ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ ቅንጣት ሳያፍር ሌላ የፈረንጅ ስም ሰጠኝ። ሦስቱም ተሳስተዋል።

ግብርና የተማረው የአክስቴ ልጅ መጥቶ ሲያየው ሳቀ። "ቅጠሉን ተወው፣ እሾሁ ከየት እንደሚነሳ እይ" አለኝ። እውነቱን ነው። ኮሸሽላም ዳንደርም የሚወጉት በቅጠላቸው ጠርዝ ነው። የዚህኛውን ቅጠል ግን ብትዳስሱት ምንም አይላችሁም። ጉዱ ያለው ቅጠሉ ከግንዱ የሚነሳበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ከአንድ ሥር ወጥቶ ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ ቢጫ፣ እንደ መርፌ የሾለ እሾህ አለ። የዶሮ እግር በሉት። ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ መሀሉን ነጭ መስመር ይሰነጥቀዋል፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ደግሞ ነጣ ያለ ነው። እነዚህን ካያችሁ ሌላ ምስክር አያሻም። በሳይንስ ስሙ ዛንቲየም ስፒኖሰም የሚባለው አረም ነው።

የሚገርመው ከሱፍ አበባ፣ ከኑግና ከአደይ አበባ ጋር ቤተሰብ መሆኑ። አበባው ግን አረንጓዴ ስለሆነ ካልፈለጉት አይታይም፣ ቢጫ አበባ የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በእንስሳት ጠጉር ተለጥፎ ዓለምን አዳርሷል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የበግ ጠጉር ስላበላሸባቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ እስከማውጣት ደርሰዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ታዲያ አረሙ ሳይሆን ዘመቻችን ነው። መንገድ ዳሩ የሚመነጠረው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ኅዳር ሲታጠን። ያኔ ፍሬው ደርሶ፣ መንጠቆው ደርቆ፣ የሚለጠፍበት ሱሪ እየጠበቀ ነው። አጭደን እየጎተትን ስንሄድ በየመንገዱ እንዘራዋለን። እያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር አለ፤ አንዱ ዘንድሮ ቢበቅል ሌላው ለከርሞ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ "ባለፈው ዓመት ጨርሰነው የለ" ማለት አይሠራም።

በየዓመቱ ከዘር የሚነሳ አረም ነው። ፍሬ ሳይዝ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ሳብ ቢያደርጉት ከነሥሩ ይመጣል። ጓንት ግን አድርጉ። ከብት ያለው ሰው ደግሞ ቡቃያውን ይጠንቀቅ፣ መርዝ አለው።

እኔ ነሐሴ ላይ አሥራ አንድ ነቀልኩ። የዘንድሮውን የገና በግ ላቱን የምፈትሸው ውጪ ነው፣ ከበር ሳላስገባው።