ለአቋራጭ ጀግኖች እጅ እንነሳለን

ከከተማ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ተራራ፣ የእግር መንገድ ተሠርቶላታል። ሰው የእረፍት ቀኑን ጠብቆ ሊራመድባት ይወጣል። ሊራመድ ነው የወጣው፣ ልብ በሉልኝ። መንገዱ ገና አንዴ ሲጠመዘዝ ግን "ኧረ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደኛል!" ብሎ በሣሩ መሀል ሽቅብ ቀጥ ይላል። እኔ ለዚህ ወንድሜ እጅ ነስቻለሁ።

አይ ብልሃት! መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ስንት ቀን ሲለካኩ ከርመው፣ ዳገቱ በአማካይ ከ10 በመቶ ብዙ እንዳያልፍ፣ ማለትም 100 ሜትር ሄደን 10 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ እንድንል አድርገው አጠማዘዙት። ለጉልበታችን አዝነው ብቻ አይደለም፤ የዝናብ ውሃ መንገዱን ይዞ ቁልቁል እንዳይጋልብ ብለው ነው። የእኛ ጀግና ያን ሁሉ ልፋት በሃያ እርምጃ ሰረዘው። ያውም በነፃ።

ደግሞ ለራሱ ብቻ አይደለም። እሱ ያስተኛውን ሣር ያየ "አሃ፣ እዚህ ጋ መንገድ አለ" ይላል፣ እሱን ያየ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሣሩ መላጣ ይሆናል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ዝናብም እንደ ወንድሜ አቋራጭ ነፍሱ ነው። የሚይዘው ሥር ያጣውን አፈር እየጠረገ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ጣት የምታህል ቦይ ናት፣ ቀስ በቀስ እግር የምትውጥ ቦረቦር ትሆናለች፣ የዛፉም ሥር እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ተገትሮ ይቀራል። መቼም ተራራን ያለ አካፋ መቆፈር ቀላል ሙያ አይደለም!

ባለፈው አንዱን ጫፍ ላይ አገኘሁት። ከእኔ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ደርሷል። "አቋራጭ አይጠቀሙ" የሚለውን ሰሌዳ ተደግፎ ያለከልካል፣ በአንድ እጁ ጫማው ውስጥ የገባውን አፈር ያራግፋል፣ በሌላው ስልኩን ያያል። ፊቱ ቅር ብሎታል። ለካ 10,000 እርምጃው አልሞላም። (ይቺ 10,000 የምትባል ቁጥር እኮ የመጣችው ከሐኪም ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። አልነገርኩትም፣ ልቡ ይሰበራል።)

ስንወርድም ቀድሞኝ ወረደ፣ በየት በኩል እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ታች ስደርስ ጎደሎውን ለመሙላት መኪናውን እየዞረ ነበር።