ወንበሩን ባዶ ያደረገው ማን ነው?

ክርክሩን የጫረው ከላስ ቬጋስ ለሠርግ የመጣው ባለታክሲ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ በልተን ቡና ቀርቦልናል። "ቡድናችሁን እኮ ልንወስደው ነው። እናንተ እንደሆነ አልፈለጋችሁትም" አለ። ከዚያ ወዲያ ቡናውን ያስታወሰ የለም።

ነገሩ ስለ አትሌቲክስ የቤዝቦል ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ኦክላንድ ነበር። በ1972፣ በ1973፣ በ1974 እና በ1989 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው እዚሁ ነው። በ2024 መጨረሻ ከተማዋን ለቆ ወጣ። አሁን ሳክራሜንቶ አጠገብ፣ 14 ሺህ ያህል ሰው በሚይዝ ትንሽ ሜዳ ይጫወታል። በ2028 ላስ ቬጋስ ለመግባት አስቧል።

ሒሳብ ሠራተኛው ወዳጃችን ለእንግዳው ወገነ። "እውነቱን ነው። በ2022 ዓመቱን ሙሉ የገባው ሰው 800 ሺህ አልሞላም። በሜዳቸው የሚጫወቱት 81 ጊዜ ነው። አስሉት፤ ለአንድ ጨዋታ አሥር ሺህ ሰው አይደርስም። ስታዲየሙ ደግሞ አርጅቷል። የፍሳሽ ቆሻሻ መልበሻ ክፍል ድረስ ገብቶባቸው ያውቃል። ማን ነጋዴ ነው ደንበኛ በሌለበት ቁጭ የሚለው?"

ስታዲየሙ ውስጥ ምግብ ትሸጥ የነበረች እህታችን አላስጨረሰችውም። "ሰው የቀረው እንዲሁ መሰለህ? በዚያው ዓመት ኮከብ ተጫዋቾቹን ኦልሰንንም ቻፕማንንም ለሌላ ቡድን ሰጧቸው። ሰው የሚወዳቸውን ልጆች አሰናብተው ትኬት ላይ ዋጋ ጨመሩ። አባርረውን ሲያበቁ ቀሩብን አሉ። ደግሞስ ጁን 13 ቀን 2023ን ረሳኸው? ማክሰኞ ማታ ነው፤ ቡድኑ ከሊጉ መጨረሻ ነው። ደጋፊው ተጠራርቶ 27,759 ሰው ገባ! አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው ባለቤቱን 'ሽጠው! ሽጠው!' ሲሉት አመሹ።"

"አንድ ቀን ለተቃውሞ መውጣትማ ቀላል ነው" አላት። "ድጋፍ ማለት 81ዱንም ቀን መምጣት ነው። የካናዳዋን ሞንትሪያል የቤዝቦል ቡድን እዪ። ሰው አልገባ ሲል ቡድኑ በ2005 ዋሽንግተን ሄደ። በ2019 ሻምፒዮን ሆነ። ዲሲ ያሉት ዘመዶቻችን ሲጨፍሩ አላየሽም?"

እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አባት ጣልቃ ገቡ። ቡድኑን ከሰማንያዎቹ ጀምሮ የተከታተሉ ናቸው። "ልጄ፣ ሞንትሪያልን ካነሳህ ከሥሩ አንሳው። በ1994 ከሊጉ አንደኛ ነበሩ፤ 74 አሸንፈው 40 ተሸንፈው። የተጫዋቾች አድማ ዓመቱን አቋረጠው። ከዚያ ኮከቦቹ ተበተኑ። ሰው መራቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህም ያው ነው። በ1990 ወደዚህ ስታዲየም 2.9 ሚሊዮን ሰው ገብቷል። ከተማው ያው፣ ሜዳው ያው። የተለወጠው ምንድን ነው?"

ሒሳብ ሠራተኛው "ጋሼ፣ ዘመኑ ተለውጧል" ከማለት ሌላ መልስ አላገኘም።

ባለታክሲው ግን የራሱ ነጥብ ነበረው፤ እሱንም መስማት ይገባል። እዚያ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት በታክሲና በሆቴል ሥራ ነው። ስታዲየም ሲመጣ እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ እንጀራ ይመጣል ባይ ነው። እህታችን ግን "ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት መንግሥት ለግንባታው እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ከማን ኪስ ነው? መምህራኑ ከስታዲየም ትምህርት ቤት ይቅደም ብለው የተቃወሙት ያለ ነገር ነው?" ስትለው ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

እኔ የምፈርደው ለሴትዮዋና ለሽማግሌው ነው። ስታዲየሙ አዲስ መሆን ነበረበት፤ ይህን ማንም አይክድም። ወደቡ አካባቢ አዲስ ለመሥራት ከተማውና ቡድኑ ለዓመታት ተደራድረው አልተስማሙም። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ ነው አልልም። ባዶ ወንበር ግን ለመሄጃ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ባዶ እንዳደረገው ነው። ተጫዋች የሚሸጠውም፣ የትኬት ዋጋ የሚወስነውም ባለቤቱ ነው። እንዲሄድ የፈቀዱለትም የሊጉ ቡድኖች ባለቤቶች ናቸው፤ በኖቬምበር 2023 ሠላሳውም እጅ አወጡ። በመጨረሻው ጨዋታ 46,889 ሰው ገብቶ ነበር። ከእነዚያ አንዱንም የጠየቀ የለም። ይህ ያናድደኛል።

ባለቤት ልሂድ ሲል ሊጉ መጀመሪያ ቡድኑን እዚያው ለሚያቆይ ገዢ በይፋ ማቅረብ አለበት። ገዢ ከጠፋ ይሂድ። ግን ስሙንና ታሪኩን ጥሎ ይሂድ። የአሜሪካ ፉትቦል ይህን አድርጎታል። የክሊቭላንዱ ቡድን በ1996 ባልቲሞር ሲገባ ስሙ፣ ቀለሙና ታሪኩ ለከተማው ቀረ። በ1999 በዚያው ስም አዲስ ቡድን ተተከለ። ላስ ቬጋስም ቡድን ይገባታል፤ ባለታክሲው ወዳጃችንም ሥራው ይብዛለት። 1972ን፣ 1973ን፣ 1974ን እና 1989ን ግን ለኦክላንድ ይተዉላት።