ፍሬንች ቶስቱን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም

ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ቁራጭ ዳቦ እጄ ላይ ለሁለት ተቀደደ። ግማሹ እንቁላሉ ውስጥ ሰመጠ። ግማሹ ጣቶቼ መሃል ቀርቶ ይንጠባጠባል። መጥበሻው ግሏል፣ ልጆቼ ሹካቸውን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃሉ፣ እኔ ደግሞ እዚያው ምድጃው ፊት እንደቆምኩ እንባዬ መጣ። ትንሿ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «እማ፣ ዛሬም ገንፎ ሆነ?» አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ልታሾፍብኝ አይደለም፣ የምሯን ነው። አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ ዛሬ እጽፋለሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ፍሬንች ቶስት ከባድ ምግብ አይደለም። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ትንሽ ስኳር፣ አለቀ። እዚህ ጅማ ቁርስ ቤት ገብታችሁ ከፉልና ከጨጨብሳ ጋር አብራችሁ ብታዙት ቡናችሁን ሳትጨርሱ ይመጣላችኋል። ልጆቼ አንድ ቀን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በልተውት በጣም ወደዱት። እኔም ቤት እሠራላችኋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እሁድ እሁድ ነው የምሠራው፣ ሥራ የማልገባበት ቀን እሱ ብቻ ስለሆነ። ይኸው ከዓመት በላይ ሆነኝ፣ ውጪው ያራል ውስጡ ውሃ ይሆናል፣ አለዚያም ገና ሳይጠበስ ይበጣጠሳል።

እና ሁሉም ሰው የሚያርመው እኔን ነው። እህቴ በስልክ «እሳቱን ቀንሺ» ትላለች። ቀነስኩ። ጎረቤቴ «እንቁላል ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ፣ ኦሜሌት ሆነ። ባለቤቴ ደግሞ ክፋት የለበትም፣ ግን «ተይው በቃ፣ ከካፌ እናምጣ» ይላል። ተይው ሲለኝ በጣም ይከፋኛል። ለአራት ሰው በየእሁዱ ከካፌ ስናመጣ ኪሳችን ምን እንደሚሆን እሱም ያውቀዋል። ደግሞስ ለልጆቼ ቁርስ መሥራት ለምን ያቅተኛል? ድፎ የምደፋ፣ እንጀራ የምጋግር፣ ዶሮ ወጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ዳቦ እንቁላል ውስጥ ነክሮ መጥበስ እንዴት ያቅተኛል?

አላቃተኝም። ዳቦውን እዩልኝ።

የቶስት ዳቦ ተብሎ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥልን ነገር አለ። ዛሬ አንዱን ቁራጭ አንስቼ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። ብርሃን ያሳልፋል። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መሃሉን በጣቴ ጫን ሳደርገው እዚያው ተጎድጉዶ ቀረ፣ ተመልሶ አልተነሳም። በልጄ ማስመሪያ ለካሁት፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ 22 ግራም። ይሄ እንቁላልና ወተት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው የሚጠበቀው? ለፍሬንች ቶስት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ያስፈልጋል። ውጪው እስኪቀላ ውስጡ ቀስ ብሎ መርጋት አለበት። ቀጭኑ ግን ለመርጋትም ለመቅላትም ጊዜ የለውም፣ እንደነከራችሁት ይሟሟል።

ዳቦ ቤት ሄጄ «ወንድሜ፣ ሳይቆረጥ ስጠኝ» አልኩት። «እህቴ፣ ከማሽኑ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፣ ሌላ የለም» አለኝ። «እሺ ወፍራም አድርገህ ቁረጥልኝ» አልኩ። አይሆንም። «እሺ ትላንት የተጋገረ ካለ ስጠኝ» ስለው ደግሞ ተቆጣ። «እኛ ያደረ ዳቦ አንሸጥም!» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ እኮ ልሰድበው አይደለም። የምፈልገው የምር ያደረውን ነው። ግን ማታ ለእራት ትኩስ ብዬ ስገዛ ከሥር ያደረውን ደባልቆ እንደሚሰጠኝ በደንብ አውቃለሁ፣ ቤት ገብቼ ስቆርሰው ይታወቀኛላ።

ክቡን ዳቦም ሞክሬዋለሁ። 100 ግራም ነው ይባላል። አምስት ገዝቼ አንድ ላይ መዘንኳቸው፣ 500 ግራም መምጣት ነበረበት፣ 390 ግራም መጣ። ከአምስቱ አንዱ የለም ማለት ነው እኮ! ገንዘቡን ግን የአምስቱንም ከፍያለሁ። ዱቄት ተወደደ ይሉኛል፣ እሱ እውነት ነው፣ እኔም ዱቄት ገዢ ነኝ። ከተወደደ ዋጋውን ጨምሩና ንገሩን። ዳቦውን በእርሾ ነፍታችሁ ትልቅ አስመስላችሁ አትሽጡልን። ሊጥ ጊዜ ተሰጥቶት ቀስ ብሎ ሲቦካ የዳቦው ውስጥ ጠንካራ ይሆናል። እርሾ በዝቶበት በጥድፊያ የተነፋ ግን ሆዱ ባዶ ነው፣ ስትነክሩት የሚይዘው የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይሄ ምግብ ከጥንትም የደረቀ ዳቦ ማዳኛ ነው። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «ፓን ፔርዱ» ነው የሚሉት፣ የጠፋ ዳቦ እንደማለት ነው። ሊጣል የነበረ፣ አይበላም የተባለ ዳቦ በወተትና በእንቁላል ርሶ ነፍስ ይዘራል። እኛ ያደረ እንጀራ ፍርፍር እንደምናደርገው፣ ድርቆሽ አድርገን እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። ስለዚህ ትኩስ ዳቦ አይሆንም። ትኩስ ዳቦ በራሱ እርጥበት የተሞላ ስለሆነ ሌላ ሲጨመርበት ይፈርሳል። ያደረ ዳቦ ውስጡ ስለሚጠነክር ይጠጣል፣ ጠጥቶም ቅርጹን ይይዛል።

አሳድሪዋ ትሉኛላችሁ። አሳድሬያለሁ። ግን ጅማ ናት ይቺ። ዝናቧን ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ልብስ ሦስት ቀን ሰቅላችሁት የማይደርቅበት አገር ዳቦ በላስቲክ እንደታሸገ ብታሳድሩት አይደርቅም፣ ይሻግታል። ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖብኝ ሙሉውን ጥያለሁ። ዳቦ መጣል ደግሞ ያማል። አሁን ዘዴ አግኝቻለሁ፣ ማታውኑ ከላስቲኩ አውጥቼ መሶብ ውስጥ በንጹህ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ካልደረቀልኝ ባዶ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት ወዲያ ወዲህ አገላብጠዋለሁ። እሱም ቢሆን ቀጭኑን ዳቦ ወፍራም አያደርገውም።

ወተቱ ደግሞ አለላችሁ።

ልጅ ሆነን ቤታችን ወተት ሲፈላ ስልባቦቱን ማን ይብላ ብለን ከወንድሞቼ ጋር እንጣላ ነበር። እናቴ በማንኪያ አንስታ ለታናሹ ትሰጠዋለች፣ እኛ እናኮርፋለን። ወፍራም ነበር፣ ማንኪያው ላይ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የኔ ልጆች ስልባቦት ምን እንደሆነ አያውቁም። የምገዛው ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የምትታየው ስስ ነገር እፍ ብትሏት ትጠፋለች። ብርጭቆ ውስጥ ቀድቼ ሳየው ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነገር ይታያል። ብርጭቆውን ሳዘነብለው ታጥቦ ይወርዳል፣ ምንም አይቀርበትም። ንጹህ የላም ወተትም ከመቶ እጁ 87 ያህሉ ውሃ ነው። እዚያ ላይ ሌላ ውሃ ሲጨመርበት ምን ሊቀር ነው? ከገጠር በጀሪካን የምታመጣው እናት ታድርገው፣ መሃል ላይ የሚረከባት ያድርገው፣ እኔ አላየሁም። ሰው በሐሜት መክሰስ አልፈልግም። የምከፍለው ግን የወተት ነው።

ይሄ ደግሞ ቀጥታ መጥበሻዬ ላይ ይታያል። እንቁላል ነጩ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መጠጠር ይጀምራል፣ አስኳሉ ደግሞ ከ65 አካባቢ። ወተት ሲቀላቀልበት ከዚያም በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃ በበዛበት መጠን እንቁላሉ ይሳሳል፣ ይዞ የሚያረጋው ነገር ያጣል። እኔ በልኬ ሁለት እንቁላል ለግማሽ ኩባያ ወተት ብዬ ሠራሁ። የገባው ግን ግማሽ ኩባያ ወተት አልነበረም። ታዲያ ውስጡ ውሃ ቢሆን ምን ይገርማል? እሳት ቀንሺ፣ እሳት ጨምሪ እያሉ ዓመት ሙሉ አንከራተቱኝ። (እንቁላሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሐበሻው ትንሽ ስለሆነ በሁለት ፋንታ ሦስት አደርጋለሁ፣ አስኳሉም ቢጫ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።)

እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። በቀደም እናቴ ከአጋሮ መጣች። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ግን ባዶ እጇን አትመጣም። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። የተረፈው ሁለት ቀን አደረ። እሁድ ጠዋት የቶስት ዳቦ አልነበረኝም፣ ወተትም አልመጣልኝም። ቤት የነበረው ዱቄት ወተት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጬ አወፈርኩት። ድፎውን በቢላ ወፈር አድርጌ ቆረጥኩት፣ ሁለት ጣት ያህል። ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ቫኒላ የለኝም፣ ኮረሪማ ፈልፍዬ ወቅጬ ጨመርኩበት። ስኳሩን ከዚህ በላይ አታብዙ፣ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ያራል።

ነከርኩት። እየጠበቅኩ ነበር እንዲፈርስ። አልፈረሰም። በአንዱ በኩል ግማሽ ደቂቃ፣ ገልብጬ ግማሽ ደቂቃ። ሳነሳው ከበደኝ፣ ግን ቀጥ ብሎ ተነሳ። በትንሽ እሳት ላይ የገበታ ቅቤና ጠብታ ዘይት አድርጌ ጣል አደረግኩት። ጭስ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ ቀስ ብሎ ቺስ ይላል። ስገለብጠው ቀለሙ የተቆላ ማሽላ መስሏል። ጠርዙ ላይ የኮባው ሽታ አለ፣ መሃሉ ለስላሳ፣ እንደ ረጋ ወተት። ኮረሪማው ቤቱን ሞላው። ትልቁ ልጄ ሁለት በልቶ ሦስተኛ ጠየቀ። ትንሿ ዝም ብላ ትበላለች፣ ስትወድ አታወራም። እናቴ ቀመሰችና «ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ» ብላ ሌላ ቆረሰች፣ እሷ ጠዋት ጣፋጭ የማትወደዋ።

እኔ ግን ደስታዬን ሳልጨርስ ንዴቱ መጣ። ያው እጅ ነው። ያው መጥበሻ ነው። ያው ምድጃ ነው። ዓመት ሙሉ እኔ አልችልም ብዬ አምኜ ነበር እኮ!

ማሩን ልተወው ብዬ ነበር፣ ግን አያስችለኝም። ጅማ ተቀምጬ ስለ ማር ማማረር አለብኝ? ጫካው እዚሁ፣ የጌራ ወረዳው እዚሁ፣ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ገበሬ እዚሁ። ባለፈው ወር የገዛሁት ግን ትኩሱ ቶስት ላይ ሳፈሰው እንደ ስኳር ውሃ ሮጦ ሳህኑ ላይ ተጠራቀመ። ጣዕሙ ምላስ ላይ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ባዶ። አበባ የለው፣ ጉሮሮ አይነካ። ሻጩ «የኔ ማር አይረጋም፣ ንጹህ ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። እኔም ሞኝ ሆኜ ሳይሆን ሰው አምኜ ነው የገዛሁት። አብዛኛው ንጹህ ማር ይረጋል እኮ! መርጋቱ ነውር አይደለም። በውሃ ሞክሪው፣ በክብሪት ሞክሪው የሚባለውንም አትመኑ፣ በሱ ማወቅ አይቻልም። የሚቆርጠውን የምታውቁት ሰው ካለ ከሱ ግዙ።

እኔን ያናደደኝ የአንድ ዳቦ ዋጋ አይደለም። ወጥ ቢሆን በርበሬው ይሸፍነዋል፣ ሽንኩርቱ ይሸፍነዋል። ይሄ አራት ነገር ብቻ ያለው ምግብ ነው፣ አንዱ ሲጎድል የሚሸፍንለት የለም። እና ጎድሎ የሚገባው ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚታየው ምድጃው ፊት በቆመችው ሴት ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪውን ማንም አይጠይቀውም። እኔን ግን ልጄ ትጠይቀኛለች።

ለመጪው እሁድ ድፎ ራሴ እደፋለሁ፣ ዓርብ ማታ አብኩቼ ቅዳሜ እጋግረዋለሁ። በየሳምንቱ ግን አልችልም፣ ሥራም አለብኝ። ሂርማታም ይሁን መርካቶ፣ አጂፕም ቢሆን፣ ያልተቆረጠ፣ ክብደቱ የሞላ ዳቦ የሚሸጥ ዳቦ ቤት የምታውቁ ጅማዎች እባካችሁ ጻፉልኝ። ያደረውን የሚሸጥልኝ ከሆነ ደግሞ የትኩሱን ዋጋ እከፍላለሁ። ወተት ላይም እንደዚሁ። ስልባቦት የሚይዝ ወተት ያለው ሰው ካለ ጠርሙሴን ይዤ በእግሬ እመጣለሁ።