ይድረስ ለክቡር አቶ ገደ ቢስ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

አድራሻዎን ስለማላውቅ ደብዳቤውን ክፍት አድርጌ ጻፍኩት። አንዱን ስጠይቅ የተሰነጠቀ መስታወት ውስጥ ነው የሚኖሩት ይለኛል። ሌላው ቤት ውስጥ በተዘረጋ ዣንጥላ ሥር አይቻቸዋለሁ ይላል። ሦስተኛው መሰላል ሥር ቆመው አላፊ አግዳሚውን ሲጠብቁ ይውላሉ ብሎ ይምልልኛል። ይህ ሁሉ ቤት ያለው ሰው አከራይ እንጂ ተከራይ አይሆንም። እናም ቅሬታዬን ለማንበብ ጊዜ አያጡም።

ቅሬታዬ የመስታወቱ ነገር ነው።

እሁድ ጠዋት ነበር። ቀኑ ዓርብ አልነበረም፣ 13ም አልነበረም፤ ይህን መዝገብ ላይ ያስፍሩልኝ። መተላለፊያው ላይ የተሰቀለው ትልቁ መስታወት ማንም ሳይነካው ወረደ። መጀመሪያ «ሽርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የግድግዳው ልስን ሲራገፍ ነው። ቀጥሎ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ቤቱ ተናጋ። ሮጠን ስንደርስ ወለሉ ኮርኒስ በኮርኒስ ሆኗል። እያንዳንዱ ስባሪ ጣሪያውን ቆራርጦ ያሳያል፤ አንዱ ላይ ግማሽ አምፖል፣ አንዱ ላይ የአክስቴ አገጭ።

«ወይኔ! ሰባት ዓመት!» አለ አገጩ።

መስታወት ሲሰበር ይከተላል የሚባለው የሰባት ዓመት ክፉ ገድ ለማን እንደተፈረደ ግን ግልጽ አልነበረም። ለቤቱ ባለቤት ነው? መጀመሪያ ለደረሰው? እህቴ፣ ፍርዱ መጨረሻ ላይ ፊቱን ላየበት ሰው ነው አለች። ይህን ስትል ያበጠርኩትን ፀጉሬን እያየች ነበር። አክስቴ ደግሞ ስባሪውን በእጅ እንዳትነኩ አለች። (ይህቺ ምክር እንኳን ትክክል ናት፤ ጣት ይቆርጣል። እርስዎ ግን ይህንንም በስምዎ አስመዝግበዋል።) ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ።

በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ሰው እንኳን «ማን ነው የሰቀለው? በምንድን ነው የሰቀለው?» ብሎ አልጠየቀም።

የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የሰቀልኩትም ለቀን መቁጠሪያ በተገዛች አንዲት ሚስማር ነው። ግድግዳውን በስቼ ፊሸር ማስገባት ነበረብኝ። መሰርሰሪያ መዋስ ሰነፍኩና ልስኑ ላይ እንዲሁ በመዶሻ ቸከልኳት። ከዚያ በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ነቅነቅ አደረግኳት። ተነቃነቀች። መስታወቱን ሳነሣ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ያን ያህል ይከብዳል። «ግድ የለም፣ ትይዛለች» ብዬ ሰቀልኩት።

እና ጥፋቱ በእርስዎ ሲላከክ ምን አደረግኩ? ራሴን ነቀነቅኩ። «አይ ገድ!» አልኩ፣ ረዘም አድርጌ። ክቡር ሆይ፣ የዚያን ቀን ውለታዎን አልረሳም።

ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ሥራዎ ይኸው ነው? መሰላሉን ሳያስደግፍ ትቶት የሄደ ሠራተኛ፣ ቀለም የተሞላ ባልዲ ጫፉ ላይ ያስቀመጠ ቀለም ቀቢ፣ ሚስማር የቸከለ እኔ፤ ሁላችንም በእርስዎ ጥላ ሥር ተጠልለን እንኖራለን። የጥፋተኛ ሁሉ ጠበቃ ነዎት፤ ያውም በነፃ የሚቆሙ።

የሥራ ክልልዎም ግራ ያጋባል። እንግሊዝና አሜሪካ የሚያስፈሩት ዓርብ 13 ቀን ነው። ስፔንና ግሪክ ሲደርሱ ማክሰኞ 13 ይሆናሉ። ጣሊያኖች ዘንድ ዋናው ቀንዎ ዓርብ 17 ነው። ምክንያቱ ደግሞ ይገርማል፤ 17ን በሮማውያን ቁጥር ጽፈው ፊደሎቹን ቢያዘዋውሯቸው በላቲን «ኖሬአለሁ» የሚል ቃል ይወጣል። ኖሬአለሁ ማለት እንግዲህ በቃኝ፣ ሞቻለሁ ማለት ነው። ቻይናና ጃፓን ሲሻገሩ 4 ቁጥር ላይ ይሰፍራሉ፤ አጠራሩ ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል። ታዲያ አንድ ሰው ዓርብ 13 ቀን ከለንደን ተነሥቶ ሮም ቢሄድ፣ አየር ላይ የት ጋ ነው ለቀውት የሚመለሱት? ዓመታቸውን በ13 ወር የሚቆጥሩ ሰዎችስ? እነሱ ጋ ቢሄዱ አንድ ሙሉ ወር ሥራ ይበዛብዎታል፤ ደግነቱ ወሩ አጭር ነው።

ድመቷን ልለፋት። አንዱ አገር መንገድ ስታቋርጥ ክፉ ገድ ናት፣ ሌላው አገር ደግሞ መልካም። እሷ አይጥ ፍለጋ ነው የወጣችው።

ቀጠሮ አክባሪነትዎን ግን አደንቃለሁ። (ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ እርስዎም በዚያው ካላንደር ስለሚሠሩ።) ዓርብ 13 በየዓመቱ ቢያንስ አንዴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይመጣል። በ2026 ሦስቱንም ወስደዋል፦ ፌብሩዋሪ፣ ማርችና ኖቬምበር። ካላንደሩ በ400 ዓመት አንድ ዙር ይሞላል። በዚያ ውስጥ 4,800 ወሮች አሉ፤ 13ኛው ቀን ዓርብ ላይ የሚውለው 688 ጊዜ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ሐሙስና ቅዳሜ 684 ጊዜ ደርሷቸዋል። በአራት መቶ ዓመት አራት ቀን ብልጫ አግኝተው ይህን ሁሉ ስም ማትረፍዎ፣ መቼም ቀላል ችሎታ አይደለም።

አንዳንድ ሆቴሎች ደግሞ እርስዎን ለመሸሽ 13ኛ ፎቅ የሚባል አያደርጉም። ሊፍቱ ላይ ከ12 ቀጥሎ 14 የሚል ቁልፍ አለ። 14ኛ ፎቅ ያደረው እንግዳ ከታች ተነሥቶ ቢቆጥር የተኛው 13ኛው ላይ ነው። እርስዎ ግን ቆጥረው አያውቁም። ቁልፉን አንብበው 13ን ሲያጡ ይመለሳሉ መሰለኝ።

ትልቁ የሥራ ልምድዎ ያው ወደ ጨረቃ የተላከው አፖሎ 13 ነው። መንኮራኩሩ ኤፕሪል 11 ቀን 1970 ተነሣ፤ በሂዩስተን ሰዓት ከቀኑ 13 ሰዓት ከ13 ደቂቃ። ኤፕሪል 13 ማታ የኦክስጅን ታንኩ ፈነዳ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል ብለው ደረትዎን ነፍተው ይሆናል። መርማሪዎቹ ግን እርስዎን አልጠየቁም፤ ታንኩን ነው የጠየቁት። ታንኩ ገና ፋብሪካ እያለ ከቦታው ሲነሣ አምልጦ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። ማሞቂያውን የሚቆጣጠሩት የቴርሞስታት ማብሪያ ማጥፊያዎች ለ28 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ከጉዞው በፊት ምድር ላይ 65 ቮልት ተለቀቀባቸው። ተጣብቀው ቀሩ። ሙቀቱ ከልክ አለፈ፣ የሽቦዎቹ ሽፋን ተበላሸ። ጠፈር ላይ ማራገቢያው ሲበራ ብልጭታ ተነሣ።

በውስጡ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ኤፕሪል 17 በሕይወት ተመለሱ። ከዚያ ታንኩን እንደ አዲስ ሠሩት፤ ተጨማሪ ታንክም አስገቡ። አፖሎ 14 ሄዶ ተመለሰ። እስቲ ያስቡት፣ ያን ጊዜ አለቆቹ እንደ አክስቴ «13 እኮ ነው» ብለው ቢተዉትስ? 14ኛው ያንኑ ማብሪያ ማጥፊያ ይዞ ይነሣ ነበር።

በርግጥ እርስዎም መልስ አያጡም። አቀናባሪው አርኖልድ ሾንበርግ 13 ቁጥርን ሲፈራ ኖሮ በ1951 ጁላይ 13 ሞተ፤ ቀኑም ዓርብ ነበር። 76 ዓመቱ ነበር፣ ሰባትና ስድስት ሲደመር 13 ነው ይሉኛል። እሺ፣ ይቺን ልስጥዎት። ግን ሰውየው የተወለደውም በ13 ነው፣ ሴፕቴምበር 13። ያን ቀን የት ነበሩ? በመካከል ስንቱን ዓርብ 13 በሰላም አሳልፎ ሙዚቃ ሲጽፍ ዋለ? እሱን የመዘገበልን የለም። በ1882 ጃንዋሪ 13፣ ዓርብ ቀን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ 13 ሰዎች ሆን ብለው መሰላል ሥር አልፈው 13 ቁጥር ክፍል ገብተው እራት በልተዋል። እርስዎ አልተገኙም። ግብዣው አልደረስዎት ይሆናል።

ዕቃና ቁጥር ሲሰደብ ዝም ይላል፤ በዚያ ብቻ ቢቆሙ ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጣሁ። ግን ስምዎን ለሰው ይሰጣሉ። አንዷ አዲስ ሥራ በገባች ማግስት ኮምፒውተሩ ይበላሻል፤ «እግሯ ገደ ቢስ ነው» ይባላል። ኮምፒውተሩ ከወር በፊት ጀምሮ ሲያቃስት እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ልጅቷ ግን ጠዋት ቀድማ ላለመግባት ደጅ ቆማ ሌላ ሰው ስትጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀልዱ እዚህ ጋ አላሳቀኝም።

በ1948 ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው የተራቡ ርግቦች ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ነበር። ምግቡ ርግቧ ምንም አደረገች ምንም በየተወሰነ ሰከንድ ይመጣል። ከስምንቱ ስድስቱ የየራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። አንዷ ትሽከረከራለች፣ አንዷ ጭንቅላቷን ወደ ሳጥኑ ጥግ ትወረውራለች። ምግቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብላ ነው እንግዲህ። ስለ ርግቦቹ ሳነብ በጣም ሳቅኩ። ከዚያ ፈተና በተፈተንኩ ቁጥር የማልለውጠው እስክሪብቶዬ ትዝ አለኝና ሳቄን አቆምኩ።

የሆነው ሆኖ ሰባት ዓመቱ ባለፈው ወር አለቀ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ካለ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። በሰባቱ ዓመት አንድ መንጋጋ ተነቅሎልኛል፣ ሁለት ጊዜ ስልክ ጠፍቶብኛል፣ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እህቴ ሴት ልጅ ወልዳለች። አክስቴ መንጋጋውንና ስልኮቹን በመስታወቱ ሒሳብ ጻፈቻቸው። «ልጅቷስ?» አልኳት።

«እሷ ሌላ ናት» አለች።

አዲስ መስታወት ገዝተናል። ከድሮው ተለቅ ይላል። እኔው ነኝ የሰቀልኩት፣ ትናንት ማታ፣ እዚያው ቦታ ላይ። መሰርሰሪያ ያለው ጎረቤታችን አልነበረም። ሚስማሯን ቀና አድርጌ መልሼ ቸከልኳት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለጊዜው ሩቅ ባይሄዱ።

አክባሪዎ፣
ባለ ሚስማሩ