የታመመ ወጥ ሠሪ ደመወዙ ሳይቆረጥ ይረፍ

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው የምግብ ቤት ሠራተኛ መቼ ወደ ሥራ ይመለስ? በብዙ ምግብ ቤቶቻችን መልሱ «ትንሽ ሻል ሲለው» ነው። ሌሊቱን ሆዱን ሲቆርጠው ያደረ ልጅ ለምሳ ሰዓት ሰላጣ ሲከትፍ ይገኛል።

የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ 48 ሰዓት ይላል። የሚቆጠረውም ሕመሙ በራሱ ከቆመ በኋላ ነው። ከፋርማሲ በተገዛ ማስቆሚያ ጋብ ያለ ተቅማጥ ቆመ አይባልም። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት አምጪ ተዋሲ ደግሞ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሰገራው ጋር ሊወጣ ይችላል። የአልኮል ሳኒታይዘር ብዙም አይበግረውም፤ በሳሙና በደንብ መታጠብ ግድ ነው። ታይፎይድ ወይም የወፍ በሽታ ከሆነ ሁለት ቀን አይበቃም። ሐኪም ካልፈቀደ ወጥ ቤት መግባት የለም።

«ወጡ ይፈላል፣ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ወጡስ ይፈላል። እንጀራው ግን ከምጣድ ከወጣ በኋላ በእጅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀርበው። ሰላጣውና ጥሬ ክትፎው ደግሞ እሳት አያዩም።

ሠራተኛው ይህን ሁሉ ቢያውቅም የሚመጣው የቀን ገቢው ስለሚቀርበት ነው። ሜሪ ማለንን እናስታውስ። ኒውዮርክ ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ራሷ ሳትታመም ታይፎይድ ታስተላልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ዳግመኛ ምግብ እንዳትሠራ ቃል አስገብተው ከማቆያ ለቀቋት። የተሰጣት የልብስ አጠባ ሥራ ክፍያው ከወጥ ሠሪነት ያንሳል። ስሟን ቀይራ ወደ ምድጃው ተመለሰች። በ1915 በምትሠራበት ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሞቱ።

የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያውን የሕመም ወር በሙሉ ደመወዝ ይሰጣል፤ የሐኪም ማስረጃ ግን ይጠይቃል። ውል የሌላት እንጀራ ጋጋሪና በቲፕ የሚኖር አስተናጋጅ ይህን መብት በተግባር አያገኙትም። ለሁለት ቀን ዕረፍት ሲባል የክሊኒክ ካርድ አውጡ ማለትም እንዳይናገሩ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ባለቤቶች ሁለቱን ቀን ያለ ወረቀት ይክፈሉ። ተቆጣጣሪዎችም የጤና ምርመራ ካርድ ብቻ አይተው አይሂዱ፤ ካርዱ የሚናገረው ስለተመረመሩበት ቀን ነው። ማን ታመመ፣ ሕመሙ መቼ ቆመ፣ መቼ ተመለሰ የሚል መዝገብ ይጠይቁ። ያረፈው ሠራተኛ ተከፍሎት እንደሆነም ራሱን ይጠይቁት።